ያለ ሞኒተር ኮምፒውተር ማስኬድ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ ብዙ ቤት አለ። ፕሮሰሰሩ ደህና ነው፣ ራሙ ይሰራል፣ ሃርድ ዲስኩም ምንም አልሆነም። ስክሪን ለማስቀየር የሚጠየቀው ብር ግን ላፕቶፑ ቢሸጥ ከሚያወጣው ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ ቁም ሳጥን ላይ ይወጣና አቧራ ይጠጣል።

እኔም ጋ አንድ ነበር። የቻርጀሩ ገመድ የእህቴን ልጅ እግር ጠልፎት ላፕቶፑ ከጠረጴዛ ወደቀ። ልጁ ምንም አልሆነም፤ ስክሪኑ ግን ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀ። ዛሬ ያ ላፕቶፕ ሳሎን ከራውተሩ አጠገብ፣ መደርደሪያ ላይ ክዳኑ ተዘግቶ ተቀምጧል። የቤተሰቡን ፎቶና ቪዲዮ ይይዛል። ሌሊት ሌሊት ትልልቅ ፋይሎች ያወርዳል። ለወንድሜ ደግሞ የፕሮግራሚንግ መለማመጃ ሆኖለታል። እዚህ እስኪደርስ ግን የማያስፈልግ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ የማይሆን ፕሮግራም ጭኜ አጥፍቻለሁ፣ በመጨረሻም የራሴን ትንሽ አፕ ጽፌያለሁ። ይህን የምጽፈው እናንተ ያን ሁሉ መንገድ እንዳትዞሩ ብዬ ነው።

ጉዳዩ የላፕቶፕ ብቻ አይደለም። ሞኒተር ያልተገዛለት ሚኒ ፒሲ ያለው ሰው፣ ራስፕቤሪ ፓይ የምትባለውን ትንሽ ባለ አንድ ሰሌዳ ኮምፒውተር ያገኘ ተማሪ፣ የትንሽ ቢሮ ሰርቨር የሚጠብቅ ባለሙያ፣ ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነው፤ ሳላየው እንዴት ላዘው?

## መጀመሪያ መስፈርቶቹ

ከየትኛው ደቂቃ ጀምሮ ማየት ትፈልጋላችሁ? ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ይህ ነው። ብዙ ሰው ሳይጠይቀው ስለሚያልፍ የተሳሳተ ነገር ይገዛል። ኮምፒውተር ሲበራ ሦስት በር ያልፋል ብላችሁ አስቡ። የመጀመሪያው ባዮስ ነው፣ ማሽኑ ውስጥ ያለው የማስነሻ ፕሮግራም፤ ዊንዶውስም ሆነ ሊኑክስ ገና አልተነሳም። ሁለተኛው ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተነስቶ የይለፍ ቃል የሚጠይቅበት ነው። ሦስተኛው ገብታችሁ የምትሰሩበት ዴስክቶፕ ነው።

“ሪሞት” ሲባል ሰው የሚያስበው ሦስተኛውን ነው። ዊንዶውስ አልነሳ ሲል፣ ፎርማት ማድረግ ሲያስፈልግ፣ ባዮስ ውስጥ አንድ ነገር መቀየር ሲኖርባችሁ ግን ሥራው ያለው አንደኛው በር ላይ ነው። በዚያው ማሽን ላይ የተጫነ ሶፍትዌር እዚያ አይደርስም። የቱንም ያህል ጥሩ አፕ ብትጽፉ አይደርስም፤ አፑ ራሱ ገና አልተነሳማ።

የት ሆናችሁ ነው የምትገቡት? በአንድ ዋይፋይ ውስጥ ከሆናችሁ ሁሉም ነገር ቀላል ነው። ከቢሮ ወይም ከሌላ ከተማ ከሆነ ግን ሌላ ችግር አለ። በሲም ካርድ የሚሰራ ራውተር ብዙውን ጊዜ ከውጭ በቀጥታ የሚደረስበት አድራሻ የለውም። አንዱን የውጭ አድራሻ ብዙ ደንበኞች ይጋሩታል። ስለዚህ “ራውተሩ ላይ ፖርት (ከውጭ መግቢያ በር) ክፈት” የሚለው ምክር አይሰራላችሁም።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ዴስክቶፕ ሲሆን መብራት ሲመለስ በራሱ ይነሳል ወይስ ሰው ሄዶ ቁልፉን መጫን አለበት? ይህ ባዮስ ውስጥ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ኃይል ሲመለስ ማሽኑ ምን ያድርግ የሚል ምርጫ አለ። ላፕቶፕ ባትሪው ጤነኛ ከሆነ እዚህ ላይ ትልቅ ብልጫ አለው።

ዳታ ምን ያህል ይበላል? ምስል የሚልክና ጽሑፍ ብቻ የሚልክ መንገድ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው።

ሌላ ማን ሊገባ ይችላል? ለእናንተ የተከፈተ በር ለሌላውም ሊከፈት ይችላል። ሞኒተር የሌለው ኮምፒውተር ላይ ደግሞ የማይታወቅ ሰው ማውዙን ሲያንቀሳቅስ የሚያይ ዓይን የለም።

አሁን ወደ አማራጮቹ። ግን አንድ ነገር ላስቀድም። ሥራችሁ የአንድ ቀን ብቻ ከሆነ፣ ለምሳሌ ሊኑክስ ጭናችሁ መሄድ ከሆነ፣ ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ኤችዲኤምአይ መሰኪያ አለው። ኬብል ተዋሱና ሥራችሁን ጨርሱ። የሚቀጥለው ጽሑፍ በየቀኑ ያለ ሞኒተር ለሚሰራ ማሽን ነው።

## ኤስኤስኤች፦ በጽሑፍ ማዘዝ

ኤስኤስኤች ሌላ ኮምፒውተርን በኔትወርክ በኩል በጽሑፍ የምታዙበት መንገድ ነው። በ1995 የጻፈው ፊንላንዳዊው ታቱ ዩሎነን ነው። በሄልሲንኪ ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሳለ አንድ ሰው የዩኒቨርሲቲውን ኔትወርክ አዳምጦ የይለፍ ቃሎች ከሰረቀ በኋላ ነው ለዚህ የተነሳው። ያኔ የነበሩት መሣሪያዎች የይለፍ ቃልን ሳይሸፍኑ ነበር የሚልኩት። ዛሬ በዓለም ላይ ያለ ሞኒተር የሚሰራ አብዛኛው ሰርቨር የሚታዘዘው በዚህ ነው።

ምስል የለም። ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ መልስ በጽሑፍ ይመጣል። በጣም ደካማ ኔትወርክ ላይ እንኳ ይሰራል፤ ዳታ ከምንም አይቆጠርም። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ተርመክስ የሚባለውን የትእዛዝ መጻፊያ አፕ ከጫናችሁ ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ ማሽኑን ሪስታርት ማድረግና ፋይል መቅዳት ትችላላችሁ። ሊኑክስ ላይ የተለመደ ነው። ዊንዶውስ 10ም ከ1809 እትም ጀምሮ አማራጭ ፊቸሮች ውስጥ ይዞታል፤ ከዚያ ገብታችሁ መጫን ነው።

ራስፕቤሪ ፓይ ላላችሁ ይህ ከሁሉ የሚቀል መንገድ ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ሚሞሪ ካርድ ላይ የሚጽፈው የራስፕቤሪ ፓይ ኢሜጀር የማሽኑን ስም፣ የተጠቃሚውን የይለፍ ቃል፣ የዋይፋዩን ስምና ኤስኤስኤችን አስቀድሞ እንድታስገቡ ይጠይቃችኋል። ካርዱን ሰክታችሁ ኃይል ስትሰጡት በቀጥታ ኔትወርኩ ላይ ይገኛል። ሞኒተር አንድም ቀን ሳያይ መኖር ይችላል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። ትእዛዞቹን መልመድ ያስፈልጋል፣ የማሽኑንም አድራሻ ማወቅ ግድ ነው። ሁለተኛውን ቀላል እንዳታደርጉት፤ እኔን ብዙ ያስቸገረኝ እሱ ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ደህንነት አንድ ነገር ብቻ፦ ከይለፍ ቃል ይልቅ በቁልፍ ፋይል ግቡና በይለፍ ቃል መግባትን ዝጉት። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

## የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ

ዊንዶውስ ፕሮ ያለው ሰው ሌላ ነገር ከመፈለጉ በፊት ይህን ይሞክር። ማሽኑ ለሚገባው ሰው የራሱን ማሳያ ፈጥሮ ስለሚሰጥ ሞኒተር ተሰካ አልተሰካ ግድ የለውም። ቀጥሎ የማነሳው የጥቁር ስክሪን ችግር እዚህ የለም። በቤት ኔትወርክ ላይ ፈጣን ነው፣ ጽሑፉም ጥርት ብሎ ይነበባል።

ሁለት ነገር ሰውን ያሰናክላል። አንደኛ፣ የዊንዶውስ ሆም እትም ወደ ሌላ መግባት እንጂ ሌላ እንዲገባበት አይፈቅድም። ያገለገለ ላፕቶፕ ስትገዙ የትኛው እትም እንደተጫነ እዩ። ሁለተኛ፣ የይለፍ ቃል የሌለው አካውንት በሪሞት አይገባም። “ምንም ብሞክር አልገባ አለኝ” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይኸው ነው፤ ላፕቶፑ ያለ ፓስወርድ ነው የሚከፈተው።

ከውጭ ለመግባት 3389 ፖርትን ለኢንተርኔት እንዳትከፍቱ። በየደቂቃው በሩን የሚያንኳኩ ፕሮግራሞች ኢንተርኔት ላይ ሞልተዋል። እንደ ቴይልስኬል ያለ የግል ኔትወርክ ስልካችሁም ማሽኑም ላይ ጫኑና በእሱ ውስጥ ግቡ። በሲም ካርድ ራውተር ላይም ይሰራል፤ ለግል አገልግሎት ነፃ ነው።

## ቪኤንሲ፣ ረስትዴስክ፣ ኤኒዴስክ እና መሰሎቻቸው

እነዚህ የሚልኩላችሁ ስክሪኑ ላይ ያለውን ምስል ነው። ቪኤንሲ የተወለደው ካምብሪጅ ውስጥ በኦሊቬቲ የምርምር ላቦራቶሪ ነው፤ በቤት ኔትወርክ ላይ ዛሬም ይሰራል። ረስትዴስክ፣ ኤኒዴስክ፣ ቲምቪወርና የክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ደግሞ በመካከል ባለ ሰርቨር በኩል ስለሚያገናኙ ከውጭ ለመግባት ራውተር መነካካት አያስፈልግም። ዊንዶውስ ሆም ላለው ሰው ዋናው መፍትሔ እነዚህ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ረስትዴስክ ኮዱ ክፍት ነው፤ የሚፈልግ ሰው የመካከሉን ሰርቨር ራሱ ሊተክል ይችላል። የቲምቪወር ነፃ አጠቃቀም ለግል ብቻ ነው፤ ለቢሮ ሥራ ከተጠቀማችሁበት ይዘጋባችኋል።

ዳታ ይበላሉ። ኔትወርክ ሲደክም ማውዙ ከእጃችሁ ወደ ኋላ ይቀራል።

ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው። “ስክሪኑ ላይ ያለውን እልካለሁ” የሚል ፕሮግራም ስክሪን ከሌለ ምን ይልካል? ብዙ ጊዜ ጥቁር ምስል፣ ወይም በጣም ትንሽ መጠን ያለው ዴስክቶፕ። ፕሮግራሙ ተበላሸ ብላችሁ አጥፍታችሁ ሌላ ትጭናላችሁ፣ ሌላውም ያንኑ ያሳያችኋል። ሊኑክስ ላይ ደግሞ በዌይላንድ፣ በአዲሱ የማሳያ ሥርዓት፣ የሚሰራ ዴስክቶፕ ብዙውን ጊዜ ስክሪን ለማጋራት እዚያው ማሽኑ ላይ ሆኖ የሚፈቅድ ሰው ይፈልጋል፤ ሰው በሌለበት ማሽን ላይ ይህ አይሆንም።

## ዱሚ ፕላግ እና ቨርቹዋል ማሳያ

ጥቁር ስክሪኑ ከየት እንደሚመጣ ካወቃችሁ መፍትሔው ግልጽ ነው። ሞኒተር ስትሰኩ ስለ ራሱ የሚናገር አጭር መረጃ ለኮምፒውተሩ ይሰጣል። መሠረቱ 128 ባይት ብቻ ነው፤ ማን እንደሠራው፣ ምን ያህል ጥራት እንደሚችል ይነግራል። ግራፊክስ ካርዱ ይህን ካላገኘ “ማንም የለም” ብሎ መውጫውን ይዘጋዋል። ዱሚ ፕላግ ማለት ያንን መረጃ ብቻ የያዘ፣ አውራ ጣት የምታክል የኤችዲኤምአይ መሰኪያ ናት። ስትሰኳት ኮምፒውተሩ ሞኒተር አለኝ ብሎ ያምናል። ውጭ አገር ከ10 ዶላር በታች ናት፤ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ኪስ ውስጥ ትገባለች።

በሶፍትዌርም ይቻላል። ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ቨርቹዋል ማሳያ የሚፈጥሩ ክፍት ኮድ ድራይቨሮች አሉ። ሊኑክስ ላይ ለኤክስ ሰርቨር፣ ለድሮው የማሳያ ሥርዓት፣ የተሰራ ዱሚ ድራይቨር አለ። ገንዘብ ከሌለ ይህ ጥሩ ነው። መሰኪያዋ ግን ዝማኔ መጣ አልመጣ ሥራዋን አታቆምም፤ እኔ የምመርጠው እሷን ነው።

ለማን እንደማትሆን ልናገር፣ ምክንያቱም ገንዘቤን ያወጣሁት እዚህ ነው። የእኔ ላፕቶፕ ክዳኑን በዘጋሁት ቁጥር ከኔትወርክ ይጠፋ ነበር። ማሳያ ስላጣ ነው ብዬ ዱሚ ፕላግ አስመጣሁ። ሰካሁት፣ ዘጋሁት፣ አሁንም ጠፋ። ለካ ችግሩ የማሳያ አልነበረም፤ ክዳን ሲዘጋ እንዲተኛ የታዘዘ ላፕቶፕ ነው የተኛው። ዊንዶውስ ላይ የኃይል ምርጫ ውስጥ ገብታችሁ ክዳን ሲዘጋ “ምንም አታድርግ” ማለት ነው። ሊኑክስ ላይም አንድ መስመር መቀየር ነው። የተሰበረ ስክሪንም ኬብሉ እስካልተነቀለ ድረስ ብዙ ጊዜ መረጃውን ይሰጣል። ዱሚ ፕላግ በዋናነት የዴስክቶፕና የሚኒ ፒሲ፣ እንዲሁም ስክሪኑ ተነቅሎ የወጣ ላፕቶፕ ነው።

## ስልካችሁን ሞኒተር ማድረግ

ይህን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው፤ ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ብዙ ሰዓት እቆጥብ ነበር። የኤችዲኤምአይ ካፕቸር ፍላሽ የምትመስል ትንሽ ዕቃ ናት። በአንድ በኩል ኤችዲኤምአይ ይገባል፣ በሌላ በኩል ዩኤስቢ ይወጣል። ስልኩ እንደ ዌብካም ነው የሚያያት። አንድሮይድ ስልካችሁ ኦቲጂ የሚቀበል ከሆነ (የዩኤስቢ ዕቃ ሊሰካበት የሚችል ማለት ነው)፣ የዩኤስቢ ካሜራ ማሳያ አፕ ጭናችሁ የኮምፒውተሩን ስክሪን ስልካችሁ ላይ ታያላችሁ። ዩኤስቢ-ሲ ያለው አይፓድም ከአይፓድኦኤስ 17 ጀምሮ ይቀበላል። ሌላ ላፕቶፕ ካለ ደግሞ በጣም ይመቻል።

ባዮስን ያሳያል። ኔትወርክ አይፈልግም፣ ኢንተርኔት አይፈልግም። ኪቦርዱን ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ መሥራት ነው። ርካሿ ዕቃ ምስሉን ትንሽ ታዘገያለች፤ ለጨዋታ አትሆንም፣ ዊንዶውስ ለመጫን ግን ከበቂ በላይ ናት። የተሰበረ ላፕቶፕ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ አንዳንዱ ላፕቶፕ ባዮስን በራሱ ስክሪን ላይ ብቻ ነው የሚያሳየው። ክዳኑን ዘግታችሁ አስነሱት፣ ወይም የማሳያ መቀየሪያ ቁልፉን ነካ ነካ አድርጉ።

## በኔትወርክ የሚሰራ ኬቪኤም

ኬቪኤም (ኪቦርድ፣ ቪዲዮ፣ ማውዝ) የካፕቸሯን ሐሳብ ወስዶ ኔትወርክ የጨመረበት ሳጥን ነው። የኮምፒውተሩን ኤችዲኤምአይ ይቀበላል፣ በዩኤስቢ በኩል ደግሞ ኪቦርድና ማውዝ ነኝ ይላል። እናንተ በብራውዘር ትገባላችሁ፤ ባዮስ ውስጥም፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ስትጭኑም ከፊቱ እንደተቀመጣችሁ ነው። በራስፕቤሪ ፓይ ላይ የተሠራው ፓይኬቪኤም የታወቀ ነው። የተገጣጠመው ከ200 ዶላር በላይ ያወጣል፣ ትንንሾቹ አዳዲሶቹ ከ100 ዶላር በታች ይገኛሉ።

ለአንድ የቤት ላፕቶፕ አልመክርም። ሰርቨሩ ባሕር ዳር ሆኖ እናንተ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ግን አንድ የአውሮፕላን ትኬት ያስቀረ ቀን ዋጋውን ይመልሳል።

## ማዳመጥ

ስክሪኑ ድንገት ቢጠፋባችሁና አሁኑኑ አንድ ነገር ማድረግ ቢኖርባችሁ፣ ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና ኢንተርን አንድ ላይ ተጫኑ። ናሬተር የሚባለው የዊንዶውስ የስክሪን አንባቢ ይነሳና የቆማችሁበትን በድምፅ ያነብላችኋል። በታብና በኢንተር እየሄዳችሁ ሪሞት ዴስክቶፕን ማብራት ትችላላችሁ። የይለፍ ቃል መጠየቂያው ላይም ይሰራል። ማክ ላይ ኮማንድና ኤፍ5 የማክን አንባቢ፣ ቮይስኦቨርን፣ ያስነሳል።

ለእኛ ይህ የአጣዳፊ ጊዜ ዘዴ ነው። ለዓይነ ስውራን ግን የዘወትር ሥራቸው ነው፤ ኮምፒውተርን ያለ ሞኒተር ማስኬድ ምን ማለት እንደሆነ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ኤንቪዲኤ የተባለው ነፃ የስክሪን አንባቢ ከ2006 ጀምሮ እየተሠራ ያለው በሁለት አውስትራሊያዊ ዓይነ ስውር ፕሮግራመሮች ጀማሪነት ነው። አንድ ቀን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ በእሱ ሞክሩ። አፕ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ቀን በኋላ አጻጻፋችሁ ይቀየራል።

## የራሳችሁን ትንሽ አፕ መጻፍ

“ስክሪኑን የሚያሳየኝ አፕ ልጻፍ” ብላችሁ ከሆነ ተዉት። ከላይ ያሉት ለዓመታት ተሠርተውበታል፤ ምስል አሳንሶ መላክ፣ መቆለፍ፣ ማገናኘት የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። ትንሽ አፕ የምትጠቅመው እነሱ የማይሠሩትን አንድ ነገር ስትሠራ ነው፦ ማሽኑ በሕይወት እንዳለና የት እንዳለ መናገር።

እኔ ጋ የሆነው ይህ ነው። መብራት ሄደ፣ ራውተሩ ጠፍቶ ሲነሳ ለላፕቶፑ ሌላ አድራሻ ሰጠው። እኔ በድሮው አድራሻ አንኳኳለሁ፣ ማንም አይመልስም። ላፕቶፑ ደህና ሆኖ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል፣ ግን አላገኘሁትም። ያን ማታ በፓይተን ከመቶ መስመር ያነሰ ስክሪፕት ጻፍኩ። አሁን ኔትወርክ በተመለሰ ቁጥር ቴሌግራሜ ላይ እንዲህ የሚል ይመጣል፦

“ኔትወርክ ተመልሷል። አድራሻ 192.168.1.7። ባትሪ 64 በመቶ። ቻርጀር ከ8:40 እስከ 10:15 ኃይል አልነበረውም።”

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር የጨመርኳት በኋላ ነው። ላፕቶፑ በባትሪ ስለሚቆይ መብራት የሄደበትንና የመጣበትን ሰዓት ይመዘግባል። ቢሮ ሆኜ ቤት መብራት መኖሩን የማውቀው በዚህ ነው።

ቴሌግራምን የመረጥኩት ስልኬ ላይ ስላለ ብቻ አይደለም። ስክሪፕቱ የሚሠራው እንደ ቴሌግራም ቦት ነው። ቦቱ ራሱ ወደ ውጭ ወጥቶ “ለእኔ መልእክት አለ?” ብሎ ይጠይቃል፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር የለም። ስለዚህ በሲም ካርድ ራውተር ላይም ይሰራል። ቦትፋዘር የሚባለው ቦት ላይ አዲስ ቦት ስትከፍቱ ቶከን ይሰጣችኋል። ያ ቶከን የቤት ቁልፍ ነው፤ ኮድ በሚጋራበት ጊትሀብ ላይ ከኮዱ ጋር አትስቀሉት።

ልትጽፉ ከሆነ የሚያጋጥማችሁን ልንገራችሁ።

የማንኛውንም ሰው ትእዛዝ እንዳይቀበል አድርጉ። እያንዳንዱ መልእክት ሲመጣ የላኪው የቴሌግራም መለያ ቁጥር የእናንተ መሆኑን ይፈትሽ፣ ካልሆነ ዝም ይበል። “የጻፍኩለትን ትእዛዝ ሁሉ ፈጽም” የሚል አፕም አትጻፉ። የእኔ የሚያውቀው አራት ቃል ብቻ ነው፦ ሁኔታ፣ ምስል፣ ሪስታርት፣ ዝጋ። ስልኬ ቢጠፋ ያገኘው ሰው ሊያደርግ የሚችለው ከአራቱ አያልፍም።

አፑ ሲነሳ ኔትወርኩ ገና ላይነሳ ይችላል። አንዴ ሞክሮ የሚሞት አፕ አይጠቅምም፤ እስኪሳካ በየግማሽ ደቂቃው ይሞክር።

ዊንዶውስ ላይ አፑን ሰርቪስ (ማንም ሳይገባ ከጀርባ የሚሠራ ፕሮግራም) ብታደርጉት የስክሪን ምስል ማንሳት አይችልም። ከቪስታ ጀምሮ ሰርቪሶች ከተጠቃሚው ዴስክቶፕ ተለይተው በሌላ ክፍል ነው የሚሠሩት። እኔ ሁለት ቀን የፈጀብኝ ይህ ነው፤ ሁሉም ነገር ይሰራል፣ “ምስል” ስል ግን ጥቁር ይመጣል። መፍትሔው በታስክ ስኬጁለር ተጠቃሚው ሲገባ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ይህ ግን ማሽኑ የይለፍ ቃል ሳይጠይቅ በራሱ እንዲገባ ማድረግን ይጠይቃል፤ ላፕቶፑን በእጁ ያገኘ ሰው ሁሉ ይከፍተዋል ማለት ነው። ቢሮ ውስጥ ከሆነ ምስሉ ይቅርባችሁ።

የተኛን ማሽን የራሱ አፕ አያነቃውም። ለዚያ ዌክ ኦን ላን አለ፣ ባዮስ ውስጥ ይበራል። ከሌላ መሣሪያ የሚላከው መልእክት በጣም ቀላል ስለሆነ ራሳችሁ ልትጽፉት ትችላላችሁ፦ 255 የሚለው ቁጥር 6 ጊዜ፣ ከዚያ የማሽኑ ማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ) 16 ጊዜ ይደገማል። ባጠቃላይ 102 ባይት ነው። ለጀማሪ ፕሮግራመር ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም፤ ጽፋችሁ ስትልኩ ሌላኛው ክፍል ውስጥ ማሽኑ ሲነሳ ትሰማላችሁ። በገመድ ኔትወርክ ላይ ሞክሩት፣ በዋይፋይ ብዙ ጊዜ አይሰራም።

ደግሞም አፑ ብቸኛ መንገዳችሁ እንዳይሆን። በ2015 ዓ.ም. ከየካቲት እስከ ሐምሌ ቴሌግራም አገር ውስጥ ተገድቦ ነበር። ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለማሽኑ የማይቀየር አድራሻ ያዙለት። እውነቱን ለመናገር እኔም መጀመሪያ ይህን ማድረግ ነበረብኝ። አፑ በዚያ ላይ የሚጨመር ነው።

## በአንድ ዓይን

| መንገድ | ባዮስ ያሳያል? | ከቤት ውጭ | ወጪ | ዳታ | የሚጠይቀው |
|---|---|---|---|---|---|
| ኤስኤስኤች | አያሳይም | በግል ኔትወርክ | ነፃ | በጣም ትንሽ | ትእዛዝ መልመድ |
| የዊንዶውስ ሪሞት ዴስክቶፕ | አያሳይም | በግል ኔትወርክ | ነፃ | መካከለኛ | ዊንዶውስ ፕሮ |
| ረስትዴስክና መሰሎቹ | አያሳይም | በቀጥታ | ነፃ (ለግል) | ብዙ | ማሳያ ወይም ዱሚ ፕላግ |
| ዱሚ ፕላግ | ብቻውን አያሳይም | አይመለከተውም | ከ10 ዶላር በታች | የለውም | ከሌላ መንገድ ጋር መጣመር |
| ካፕቸር ከስልክ ጋር | ያሳያል | አይሆንም | ዝቅተኛ | የለውም | ኪቦርድ፣ ኦቲጂ |
| የኔትወርክ ኬቪኤም | ያሳያል | በግል ኔትወርክ | ከፍተኛ | ብዙ | የራሱ ኃይልና ኔትወርክ |
| ናሬተር | አያሳይም | አይሆንም | ነፃ | የለውም | ድምፅ ማጉያ፣ ትዕግሥት |
| የራስ አፕ | አያሳይም | በቀጥታ | ነፃ፣ ጊዜ ይወስዳል | በጣም ትንሽ | ትንሽ ፓይተን |

## ለማን የትኛው?

ስክሪኑ የተሰበረ ላፕቶፕ፣ በጀት የለም፦ ቴሌቪዥን ላይ ሰክታችሁ ክዳኑ ሲዘጋ እንዳይተኛ አስተካክሉ። ፕሮ ከሆነ ሪሞት ዴስክቶፕ፣ ሆም ከሆነ ረስትዴስክ። ራውተሩ ላይ አድራሻውን አስሩለት። አበቃ፣ ምንም አትግዙ። ባትሪው ማበጥ መጀመሩን ግን በየወሩ እዩ፤ ቀን ከሌሊት ቻርጀር ላይ የሚኖር ባትሪ ሊያብጥ ይችላል። ባዮሱ ቻርጁን 80 በመቶ ላይ የሚያቆም ምርጫ ካለው አብሩት።

ሚኒ ፒሲ ወይም ዴስክቶፕ፦ ዱሚ ፕላግ እና ካፕቸር አንድ ላይ ግዙ። አንዷ ለየቀኑ፣ ሌላዋ ለችግር ቀን።

ተማሪ፣ ራስፕቤሪ ፓይ ወይም ሊኑክስ፦ ኤስኤስኤች። መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ዴስክቶፑን አትናፍቁትም። ከዚያ ትንሿን አፕ ጻፉ፣ ብዙ ትማሩበታላችሁ።

የቢሮ ሰርቨር፣ ሥራ የሚቆምበት፦ ኬቪኤም ይገዛ። ኬቪኤሙም ራውተሩም ዩፒኤስ ላይ ይሁኑ፤ መብራት ሲሄድ አብረው ከጠፉ አይጠቅሙም።

ባለቤቱ እዚህ፣ አስተካካዩ ውጭ አገር፦ ቨርጂኒያ ወይም ቴል አቪቭ ሆናችሁ የእናታችሁን ኮምፒውተር የምታስተካክሉ ብዙ ናችሁ። ረስትዴስክ ወይም የክሮም ሪሞት ዴስክቶፕ ጫኑላቸው፣ ቋሚ የይለፍ ቃል አድርጉበት፤ በስልክ “እማዬ፣ ቁጥሩን አንብቢልኝ” ማለት ይቀራል።

የትኛውንም ብትመርጡ፣ ለዝግጅቱ የተዋሳችሁትን ሞኒተር ነቅላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ማሽኑን ሦስት ጊዜ ሪስታርት አድርጉትና ሳትነኩት ግቡ። ከዚያ ራውተሩን አጥፍታችሁ አብሩና እንደገና ግቡ። በመጨረሻም ዴስክቶፕ ከሆነ ፋይል ሁሉ ዘግታችሁ፣ ኃይሉን ከግድግዳው ነቅላችሁ አምስት ደቂቃ ጠብቁና መልሱት። በራሱ ተነስቶ ከስልካችሁ ከገባችሁበት፣ ሞኒተሩን ለባለቤቱ መልሱ።